ሀ ሁ መቁጠር ማንበብ ነው እንዴ?

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ የሚኒ ሚዲያ ልጆች እጃችን እየደነዘዘም ቢሆን ይህን እትም ጽፈን አድርሰናል።

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ትንንሽ ልጆች ፊደልን ከድምፅ ጋር እያገናኙ ማንበብና መጻፍ እንዴት እንደሚለምዱ ነው። «ይሄ እኮ የመምህራን ሥራ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። አሁን ግን ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ያለን ሁሉ ያገባናል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ቤት ልጀምር።

ማሙሽ «ያነበበው» በግ

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በማይክ ዜና ከሚያነቡት ልጆች አንዷ ነኝ። ስለዚህ እቤት «የኛ ጋዜጠኛ» ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ 2ኛ ክፍል ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ብሎ ስላስማለኝ እቤት በምንጠራው ማሙሽ ብቻ እለዋለሁ።

ማሙሽ ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወርደዋል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ «በል እስቲ ቁጠርላቸው» ትላለች። እሱም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በዜማ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላል። እንግዶቹ «ጎበዝ! ይሄማ ዶክተር ነው የሚሆነው» ይላሉ። ሁላችንም ማሙሽ ማንበብ የሚችል ይመስለን ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ የቤት ሥራውን ላሠራው አጠገቡ ተቀመጥኩ። የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ ስለ በግ የሚያወራውን ምንባብ «አነበበልኝ»። አንድም ቃል አልሳተም። ደስ ብሎኝ ገጹን ስነካው ሁለት ገጽ አብሮ ተገለጠ። ማሙሽ ግን አላቆመም። ምንባቡ ሌላ ሆኖ ሳለ እሱ ስለ በጉ ቀጠለ! ለካ ምንባቡን ክፍል ውስጥ እየሰማ በቃሉ ይዞታል።

ወደ በጉ ገጽ ተመለስኩና ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ «በግ» የሚለውን ቃል አሳየሁት። «ይሄ ምንድን ነው?» ዝም አለ። እሺ ብዬ «መ»ን ለብቻዋ አሳየሁት። በሹክሹክታ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብሎ ቆጠረና «መ!» አለኝ። «ቀ»ን ሳሳየው ግን መሀል ላይ ቆጠራው ጠፋበት።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ብደብቅ ጽሑፌ እውነት አይሆንም። «ሁለተኛ ክፍል ደርሰህ ይሄን አታውቅም? ደደብ!» ብዬ ጮኽኩበት። ማሙሽ አላለቀሰም። መጽሐፉን ዘግቶ ሄዶ ተኛ። በማግስቱ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ከትምህርት ቤት ቀረ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ጠፋ ተባለ። ቤቱን ሁሉ ፈለግን። በመጨረሻ እናቴ ገብስ ልታወጣ ጆንያውን ስትፈታ መጽሐፉን ከገብሱ ውስጥ አገኘችው።

ትምህርት ቤቱ ሁሉ እየሰማኝ ዜና የማነብ እኔ ነኝ። አጠገቤ የሚተኛው ወንድሜ ግን መጽሐፉን ገብስ ውስጥ ይቀብራል። በጣም አፈርኩ።

ታዲያ ማሙሽ የሚያውቀው ምን ነበር?

ፊደላችን ከሀ እስከ ፐ 33 ቤት አለው። እያንዳንዱ ቤት 7 ልጆች አሉት፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ይባላሉ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ቨን ከጨመርን ደግሞ 34 ቤትና 238 ፊደል ነው። እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ ጓ ያሉት ገና አልተቆጠሩም። እንግሊዝኛ ያለው 26 ብቻ ነው።

ለትንሽ ልጅ 231 ብዙ ነው። ስለዚህ በዜማ ይይዘዋል። ዜማው መጥፎ አይደለም፣ እኔም በሱ ነው የጀመርኩት። ግን ዜማ የሚያዘው በጆሮ ነው። ልጁ ፊደሏን ሳያያት ስሟን መጥራት ይችላል። ትዝ ካላችሁ ኬጂ እያለን «ኤ ቢ ሲ ዲ» ስንዘምር «ኤልኤምኤንኦፒ» አንድ ፊደል ይመስለን አልነበር? እንደዛ ማለት ነው።

የአማርኛ መምህራችንን ስጠይቃቸው «ወንድምሽ ብቻውን አይደለም» አሉኝ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በአማርኛና በሌሎች 6 የአገራችን ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት፣ ቃልን መነጠልና ማጣመር የሚሉት መልመጃዎች ለዚሁ ነው የገቡት። እኔ እነዚህን መልመጃዎች ትንሽ ሆኜ ስሠራቸው ጨዋታ ይመስሉኝ ነበር።

መነጠል ማለት ቃሉን መበተን ነው። «ዳቦ»ን «ዳ» እና «ቦ» ማለት። ማጣመር ደግሞ መልሶ መግጠም ነው። «ዳ» ከ«ቦ» ጋር «ዳቦ»። ማሙሽ የጎደለው ይሄ ነበር። ፊደል ይጠራል፣ አይነጥልም፣ አያጣምርም።

አንኮበር ያየሁት

ለገና አያቴ ዘንድ አንኮበር ሄድን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የድሮ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ። ጉም ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይታይም።

በበዓሉ ማግስት አያቴን ተከትዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አጥሩ ሥር የኔታ ልጆች ያስተምራሉ። ትንሹ ልጅ የፊደል ገበታውን ጭኑ ላይ አድርጎ በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል። ጮክ ብሎ ሲቆጥር የኔታ ድንገት «ቁም! ይህቺስ?» ብለው ከመሀል አንዷን ይጠቁማሉ። ቀጥሎ ከታች፣ ቀጥሎ ከላይ። ልጁ በዜማው መሄድ አይችልም፣ ፊደሏን ማየት ግድ ይሆንበታል።

ሌላው ልጅ ደግሞ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይላል። አቡጊዳን ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር። የአቡጊዳ ተራ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይሄዳል። ከአ ቤት የመጀመሪያውን፣ ከበ ቤት ሁለተኛውን፣ ከገ ቤት ሦስተኛውን እየወሰዱ በሰያፍ መውረድ ነው። እስቲ ቁጠሩት፦ አ አንደኛ፣ ቡ ሁለተኛ፣ ጊ ሦስተኛ፣ ዳ አራተኛ፣ ሄ አምስተኛ፣ ው ስድስተኛ፣ ዞ ሰባተኛ። ሀ ሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል። ቤቱንም ተራውንም ካላወቀ አይወጣውም። የሚገርመው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር እንደኛ ፊደል ላሉት የአጻጻፍ ዓይነቶች ሁሉ «አቡጊዳ» የሚል ስም ሰጣቸው። አሁን በዓለም ላይ ያሉ ምሁራን የሕንድን ፊደል ሳይቀር በኛ ቃል ነው የሚጠሩት።

ከአቡጊዳ በኋላ ሐዋርያ ይመጣል። እዚያ ላይ የመጽሐፉን ቃል መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየነጠሉ ይቆጥሩታል፣ ከዚያ እያያያዙ ያነቡታል፣ እያለ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ ይደርሳሉ። መነጠልና ማጣመር ማለት ይሄው አይደል? አዲስ የመሰለኝ ነገር ለካ የኔታ ዘንድም አለ።

ቁርኣን ቤት የተማረች ጓደኛዬ ስነግራት «እኛም እኮ መጀመሪያ አሊፍ ባ ብለን ፊደሉን እንለያለን፣ ከዚያ ነው ከላይና ከታች ምልክት እየተደረገበት ድምፁን የምናጣምረው» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤ ውስጥ የገባው ሌላ ነገር ነው። የኔታ አንዱን ልጅ ሲሰሙ ሌሎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም። አቡጊዳ የጨረሰው ለጀማሪው ያስቆጥራል። ትልቁ ትንሹን ያስተምራል። ማንም «የኔ ሥራ አይደለም» አይልም።

ማታ እሳት ዳር የማሙሽን ነገር ለአያቴ ነገርኳት። አያቴ ፊደል የለየችው በመሠረተ ትምህርት ነው። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎችን በመላ አገሪቱ ያስተማረው ዘመቻ ነው። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ ለኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጥቷል። አያቴ ያኔ ልጅ ወልዳ ነበር። «ያስተማረችኝ ልጅ ካንቺ ብዙም አትበልጥም ነበር» አለችኝ። «ኩራዝ አብርተን እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ስሳሳት አትስቅም። አንድ ቀን ብትስቅብኝ ኖሮ ተመልሼ አልሄድም ነበር።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ፊደል እንደ በግ ነው ልጄ። ለማያውቀው ሰው በመንጋ ሲያልፍ ሁሉም አንድ ነው። እረኛው ግን እያንዳንዱን ለይቶ ያውቀዋል፣ መቶ ጊዜ አይቶታላ! ወንድምሽን አትጩኺበት፣ አሳዪው።»

መጽሐፍ ሳንገልጥ ጀመርን

ስንመለስ መጀመሪያ ማሙሽን ይቅርታ ጠየቅኩት። «በል መጽሐፍህን አምጣ» ብለው እንደሚደበቅ ስለገባኝ ሁለት ሳምንት መጽሐፍ አልነካንም። በጆሮ ብቻ ተጫወትን።

እናቴ ቆሎ ስትቆላ «በ‹ቆ› የሚጀምር ምን አለ?» እለዋለሁ። «ቆሎ!» «ሌላ?» «ቆዳ! ቆጥ!» ከዚያ «‹ሎሚ›ን በትነው» ስለው እያጨበጨበ «ሎ፣ ሚ» ይላል። ቀጥሎ እኔ እበትናለሁ፣ እሱ ይገጥማል። «ጎ፣ ጆ» ስል «ጎጆ!» ይለኛል። ውሃ ለመቅዳት ስንሄድም፣ እግራችንን ስንታጠብም እንጫወተው ነበር። ልጁ ድምፁን በጆሮው መነጠል ከቻለ ፊደሉ ሲመጣ የሚያያይዘው ነገር አለው። በጆሮው ካልቻለ ግን ፊደሉ ሥዕል ብቻ ይሆንበታል።

ከዚያ ፊደል አመጣን፣ ግን ሁሉንም አይደለም። የካርቶን ቁራጭ ቆርጬ በቀን ሦስት ፊደል ብቻ ጻፍኩ። በተራ ሳይሆን ቃል የሚሠሩትን መረጥኩ። ለምሳሌ ዳ፣ ቦ፣ ሎ፣ ሚ። ካርቶኖቹን በዋውዤ አንዷን አነሳለሁ፣ ይጠራታል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣለሁ፣ ያጣምራል። «ዳ... ቦ... ዳቦ! ዳቦ ነው!» ያለ ቀን ፊቱን ብታዩት!

ፊደል የሚለይበት መላ

ፊደላችን ብዙ ቢሆንም ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፤ ምልክት አለው። ለ፣ በ፣ ሰን ተመልከቱ።

ካዕብ ላይ ወገቡ በስተቀኝ ትንሽ ጭረት ይወጣለታል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ።
ሣልስ ላይ ጭረቱ ወደ እግሩ ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ።
ራብዕ ላይ የቀኝ እግሩ ይረዝማል፦ ላ፣ ባ፣ ሳ።
ኃምስ ላይ እግሩ ሥር ቀለበት ያደርጋል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ።

ይህን ያወቀ ልጅ 231 ነገር አይሸመድድም። 33ቱን ቤትና ምልክቶቹን ይይዛል። እርግጥ እንደ ራ፣ ሩ፣ ፉ ያሉ ከመስመር የሚወጡ አሉ፤ ሳድስና ሳብዕም እንደየቤቱ ይለያያሉ። እነሱን ለብቻ ማስጠናት ነው።

ሌላው መላ ባርኔጣ ነው። ግዕዝ 26 ፊደል ነው ያለው። አማርኛ 7 ጨመረ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። እነዚህ ከባዶ አልተፈጠሩም። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ኸ ከከ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ ነው የመጡት። ስድስቱ ራሳቸው ላይ ጭረት አላቸው፣ ጨ ብቻ እግሯ ላይ ነው። ማሙሽ ይህን ሳሳየው «እነሱ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጨ ግን ጫማ!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠ እና ጨን አምታቶ አያውቅም። ይሄን ያገኘው እሱ ራሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

አስቸጋሪው ሳድስ

ዳቦ፣ ሎሚ፣ ጎጆ፣ ቡና፣ ቆሎ ቀላል ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ሙሉ ይሰጣል። ችግር የመጣው «በግ» ላይ ነው። ማሙሽ «በ... ግእ» ይላል። «በግእ» የሚባል ነገር ደግሞ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ከኋላው ትንሽ «እ» ትከተለዋለች፣ አንዳንዴ ምንም አትከተለውም። ምልክት የለውም። የከተማችንን ስም ብቻ እዩ፦ ደብረ ብርሃን። ብ ሁለት ጊዜ አለች። «ደብረ» ላይ ያለችው ደረቅ ናት፣ ወዲያው ወደ ረ ታልፋለች። «ብርሃን» ላይ ያለችው ግን «እ» አላት። ፊደሏ አንድ፣ ንባቧ ሁለት! «ብርድ»ም እንደዚሁ ነው፤ ብ «እ» አላት፣ ር እና ድ የላቸውም። እኛ ሳናስበው እናነበዋለን፣ ለጀማሪ ግን ተራራ ነው።

መላው ሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፦ «በ... ግ»። ቀጥሎ ፈጠን ብሎ፦ «በግ»። ሦስተኛ፣ «ከምታውቀው ቃል የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ። ማሙሽ በግ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ሲጠብቅ ነው ያደገው። አፉ ወደ ቃሉ ሲጠጋ ጆሮው ያስታውሰዋል። ማንበብ ማለት ለካ በጆሯችን የምናውቀውን ቃል በዐይናችን ማግኘት ነው። ለዚህ ነው ልጅ ሲጀምር የሚያውቀውን ቃል፣ የቤቱንና የሰፈሩን ነገር ማስነበብ የሚሻለው። በር፣ ቤት፣ ላም፣ ሰው፣ ወተት፣ ገብስ።

ከዚህም ሌላ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለ፣ እሱም አይጻፍም። «ዋና መንገድ» ስንል «ና» ትጠብቃለች፣ «የውሃ ዋና» ስንል ትላላለች። «በግ አለ» እና «ማሙሽ ራበኝ አለ» አጻጻፉ አንድ ነው፣ ንባቡ ሁለት። እስቲ እናንተ ደግሞ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ገና ገና አልደረሰም። የቱ ይጠብቃል፣ የቱ ይላላል? እኔ በማይክ ሳነብ ራሴ ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። እዚህ ጋ የሚረዳው ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አይቶ መመለስ ብቻ ነው።

መጻፍስ?

አንድ ሳምንት ቆይተን ቃለ ጽሕፈት ጀመርን። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። «ትምህርት» ስለው «ትምርት» ብሎ ጻፈ። ልስቅ ስል አያቴ ትዝ አለችኝ። ቆይ፣ እኛስ ስናወራ «ትምርት» አይደል የምንለው? ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው፣ ስለዚህ ጆሮው ሠርቷል ማለት ነው። «ጎበዝ፣ የሰማኸውን በሙሉ ጽፈሃል። እዚህ መሀል አንዲት ህ ተደብቃለች» ብዬ አሳየሁት። እንግሊዝኛ እኮ ከዚህ ይብሳል። «ናይፍ» ሲጻፍ ከፊቱ ጭራሽ የማይነበብ «ኬ» አለው።

አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላትም ያስቸግራሉ። ለእነሱ አባቶች ጥሩ መላ አበጅተዋል፤ ፊደሉን የሚጻፍበትን ቃል ስም አድርገው ይጠሩታል። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። «ንጉሥ» በየትኛው «ሥ» ይጻፋል ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ግን ለማሙሽ ይህን አሁን አላስተማርኩትም። መጀመሪያ ያንብብ፣ ይሄ ይደርሳል።

እኔ የተሳሳትኩት

እናንተም ከሞከራችሁ እንዳትደግሙት ስህተቶቼን ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፣ መሳደቤ። አንዲት ቃል መጽሐፍን ጆንያ ውስጥ ታስገባለች።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ቸኩዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጠናሁት። በማግስቱ የዛን ቀን ያወቀውን ሁሉ ረሳ። ከዚያ በኋላ በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ አደረግነው፣ ግን በየቀኑ።

ሦስተኛ፣ ሲያቅተው ቶሎ ብዬ ቃሉን እነግረው ነበር። ያኔ ዐይኑን ከፊደሉ ነቅሎ አፌን ማየት ጀመረ። አሁን ከአንድ እስከ አምስት በልቤ ቆጥሬ ነው የምረዳው።

አራተኛ፣ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ብቻ ማስነበቤ። ሥዕሉን አይቶ ይገምታል። ቃሉን ካርቶን ላይ ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

ሸኖ

ለፋሲካ እንደገና ወደ አንኮበር ልንሄድ መናኸሪያ ቆመናል። ብርዱ ስላስቸገረን ማሙሽ ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ያያል። አንድ ሚኒባስ ባዶውን ቆሟል፣ ረዳትም የለው፣ የሚጣራም የለ። ጣሪያው ላይ ታፔላ አለ።

ማሙሽ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ሀ ሁ የሚቆጥር መስሎኝ ነበር። «ባርኔጣ ያላት ሰ... ሸ... ኖ» አለ። ትንሽ ቆየና «ሸኖ! እታለም፣ ሸኖ ይላል! የቅቤው ሸኖ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሸኖ ሄዶ አያውቅም። እናቴ ግን ገበያ ስትሄድ «የሸኖ ቅቤ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሁልጊዜ ይሰማል። ማንም አልነገረውም፣ ሥዕልም የለም፣ በቃሉም አልያዘውም። አነበበው። እናቴ ዘወር ብላ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ እኔም ጉንፋን የያዘኝ መሰልኩ።

እንዳትሳሳቱ፣ ማሙሽ ገና ነው። «ትምህርት» ላይ ሲደርስ አሁንም ይቆማል፣ ረጅም ቃል ሲያይ ይሸሻል። ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ ልጆች እኩል ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። መጽሐፉ ግን ከጆንያ ወጥቶ ትራሱ ሥር ነው የሚያድረው።

ለእናንተ ያለኝ ሐሳብ

ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ ታናናሾቻችሁን አንድ ነገር ሞክሩልኝ። «ሀ ሁ ቁጠር» አትበሉ። ከመሀል አንዲት ፊደል ነጥላችሁ አሳዩ። ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር ከጀመረ ወይም ሥዕል ከፈለገ ማሙሽ የነበረበት ቦታ ነው ያለው። አትቆጡት። በጆሮ ጨዋታ ጀምሩ።

መምህራኖቻችንን ደግሞ በክበባችን ስም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ እቤታቸው የሚያስነብባቸው ሰው የለም። እኛ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን በእረፍት ሰዓት ሩብ ሰዓት እየወሰድን፣ አንድ ትልቅ ለአንድ ትንሽ ሆነን ብናስነብባቸው ምን ይመስላችኋል? የኔታ ዘንድ ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል። አያቴንም በኩራዝ ያስተማረቻት ልጅ ነበረች። እኛ ደግሞ መብራትም ካርቶንም አለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስመዝግቡ። እኔ አንደኛ ተመዝግቤያለሁ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።